ወንድይፍራው ቀበሮዋን እስኪያያት ድረስ

የወንድይፍራውን ዕረፍት ያረዳኝ አያ ሞላ ነው። ከማኅሌት ወጥቼ መቋሚያዬን ከግድግዳው ሳስጠጋ ስልኬ ጮኸ። አያ ሞላ በተራራው ላይ ከሁሉ ይልቅ በግ የበዛለት ገበሬ ነው፤ በስልክ ሲነጋገርም ከማዶ ወደ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ይጮኻል።

«የኔታ! ወንድይፍራው ዐረፈ!»

«እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር። መቼ?»

«ዛሬ ንጋት ላይ፤ በአልጋው ላይ። የኔታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አይቷታል?»

በሌላ አገር ሰው ሞተ ሲባል የሚጠየቀው በምን ሕመም እንደ ሞተና ቀብሩ የት እንደ ሆነ ነው። የእኛ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። «አይቷታል?» የተባለው ስለ ቀይ ቀበሮ ነው። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ትከሻ ላይ ጓሳ የምንለው ረጅም ሳር የሚበቅልበት ሰፊ ሜዳ አለ። ያ ሜዳ ለከብትና ለበግ ተዘግቶ እንዲኖር፣ ቀበሮዋም በሰላም እንድትኖርበት በጉባኤ ሲወሰን ውሳኔው የጊዜ ገደብ ተደርጎለት ነበር፤ ገደቡም «ወንድይፍራው ቀበሮዋን በዓይኑ እስኪያያት ድረስ» የሚል ነው። እንግዲህ አይቷት ከሆነ ሜዳው ዛሬውኑ ይከፈታል። ወንድይፍራው ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ሜዳው ሲወጣ ከጎኑ ተቀምጬ የነበርሁት እኔ ብቻ ስለ ሆንሁ፣ የነገሩ ምስክር እኔው ነኝ።

«ከቀብሩ በኋላ በጉባኤው ፊት እናገራለሁ» አልሁት።

«አሁን ቢነግሩኝ ምን አለበት! እኔ እኮ…» ብሎ ጀመረና ተወው። ስልኩን ሳይዘጋው ለበጎቹ ሲያፏጭ ሰማሁት።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደ ደረሰ ለማስረዳት ወንድይፍራውን ከመጀመሪያው ማሳየት ይገባኛል።

ወንድይፍራው የጋሸና ሰው ነው። ዕድሜውን የፈጀው የጭነት መኪና በመንዳት ነበር፤ ወደ ደቡብ እስከ ሞያሌ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ኬንያ ምድር ይጓዝ ነበር። በዚያ አገር አንድ ጊዜ የዱር አራዊት በሚጠበቁበት ሜዳ አጠገብ መኪናው ተበላሽታበት ቆመ። በዚያ ቀን ያየውን ሲያወራ ሁልጊዜ እጁን ከመሪው ላይ ያነሣና አንዲት ጣቱን ወደ ላይ ይቀስር ነበር።

«የኔታ፣ ጣራ የሌለው መኪና ውስጥ ሰዎች ቆመዋል። ማንም አይናገርም። ማንም አይወርድም። ሰው በቅዳሴ ጊዜ እንኳ እንደዚያ ዝም ሲል አላየሁም።»

«ምን አይተው ነው?»

«አንበሳ።»

«አንበሳውስ እንዴት ያለ ነበር?»

«እሱን አላየሁትም። ጀርባዬን ሰጥቼው ሰዎቹን ነበር የማይ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቡ አላረፈም። የጭነቱን ሥራ ትቶ አንዲት አሮጌ የመስክ መኪና ገዛ፤ ወደ ጋሸና ጋራዥ ወስዶም ጣራዋን በመጋዝ አስቆረጠ። ብየዳ ሠሪው «ጤነኛ ነህ?» ብሎ ደጋግሞ ከጠየቀው በኋላ ነው የቆረጠለት ይባላል። መኪናይቱን «እሜቴ» ብሎ ሰየማት፤ በጎኗም ላይ «የላስታ የዱር አራዊት ጉብኝት» ብሎ በነጭ ቀለም ጻፈ። ላስታ ካላት መንገድ የሚበዛው ለበቅሎ የተሠራ መሆኑን ያነሡበት ነበሩ። «በቅሎ ከወጣችው እሜቴም ትወጣዋለች፤ በበቅሎ ታንሳለች እንዴ?» ይላቸው ነበር።

ጣራ የሌላት መኪና በደጋ ምድር ዝናብ ሲያገኛት ምን እንደምትሆን ያሰበው ዘግይቶ ነው። መፍትሔ ብሎ ያገኘው በአራቱ ማዕዘን ባለ ብዙ ቀለም ጃንጥላ ማሰር ነበር። ከዚያ በኋላ እሜቴ በሸንተረሩ ላይ ብቅ ባለች ቁጥር ከሩቅ ያየ ሁሉ ታቦት የወጣ እየመሰለው እልል ይል፣ በግንባሩም ይደፋ ጀመር። ይህ ነገር ጆሮዬ ሲደርስ አስጠርቼ ገሠጽሁት።

«ወንድይፍራው፣ ሕዝቡን ለመኪና ታሰግዳለህ?»

«ይቅር ይበሉኝ የኔታ፤ ዛሬውኑ እለውጠዋለሁ» አለ፤ ለወጠውም። ጃንጥላዎቹን ሁሉ ጥቁር አደረጋቸው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ያየው ሁሉ አስከሬን የሚመጣ እየመሰለው ከየቤቱ በልቅሶ ይወጣ ጀመር።

የጉብኝቱን ሕግ ያመጣው ከዚያው ከኬንያ ነው። ዋነኛው «ከመኪና መውረድ ክልክል ነው» ይላል። በእኛ ተራራ አንበሳ እንደሌለ ሕፃንም ያውቃል። ወንድይፍራው ግን ሕጉን ያለ አንበሳ አጸናው። ጎብኚዎቹ መኪና ውስጥ ተቀምጠው በአጠገባቸው ገበሬው ሞፈሩን ተሸክሞ፣ ሴቲቱም እንስራዋን አዝላ ያልፋሉ፤ ወንድይፍራውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አትንቀሳቀሱ» ይል ነበር። ይህን ባየሁ ጊዜ ኖኅ ትዝ አለኝ። ኖኅ አራዊቱን ከውስጥ አስገባ፤ ወንድይፍራው ደግሞ ሰውን ከውስጥ ዘግቶ አራዊቱን ከውጭ ተዋቸው። የትኛውን ከምን እንደሚያድን ግን አልተገለጠልኝም።

የሩቅ አገር እንግዳ ሕጉን ይጠብቅ ነበር፤ የላስታ ሰው ግን እንዴት ይጠብቅ? ላስታ ውስጥ ዘመድ የሌለበት መንደር የለም። አንዱ አክስቱን ሊሳለም ይወርዳል፤ ሌላው ለቅሶ ሳልደርስ ቀርቼ ነበር ብሎ ይወርዳል። አንድ ቀን የሰንበቴ ማኅበርተኞችን ጭኖ ወጥቶ ሜዳው ላይ ሲደርስ ዞር ቢል ባዶ ወንበር ብቻ እንደ ነበር ራሱ ነግሮኛል። ለባዶው ወንበር ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን አሳይቶ መመለሱንም አልደበቀኝም።

ሳር ያጠረበት ዓመት መጣና ነገሩ ጠና። በተራራው ያሉ ባለ በጎች፣ በፊታቸውም አያ ሞላ፣ ሜዳው ይከፈትልን አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ጓሳው ለቤት ክዳንና ለገመድ የምናጭደው፣ ምንጩንም የሚጠብቅልን ነውና አይነካ አሉ። ወንድይፍራው ከሁለቱም ወገን አልነበረም፤ የእሱ ጭንቀት ቀበሮዋ ነበረች። በግና ውሻ ሜዳውን ከሞላው እሷ እንደምትጠፋ፣ እሷም ከጠፋች እሜቴ ለጃንጥላ መስቀያ ብቻ እንደምትቀር ያውቅ ነበር። ጉባኤው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንዲወስን ተቀጠረ። ሜዳውን አይተን እንድንመሰክር የተመረጥነው ሦስት ሽማግሌዎች ነን፤ አያ ሞላ፣ ዓይናቸው የደከመው አቶ በሪሁንና እኔ። ወንድይፍራውም «እኔ በነጻ ወስጄ አሳያችኋለሁ፤ ቀበሮዋን ሳታዩ አትፍረዱባት» ብሎ ለመነን።

ቅዳሜ ማለዳ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንሳፈር የደብሩ ካህን አባ ተክለ ሚካኤል በቅጥሩ ሥር ቆመው ነበር። ወንድይፍራው ሮጦ ከእግራቸው ወደቀ።

«አባቴ፣ እባክዎ ይገዝቱልኝ።»

«ማንን?»

«ሽማግሌዎቹን።»

«ምን አጠፉ?»

«ገና አላጠፉም። ሊወርዱ ነው እንጂ።»

አባ ተክለ ሚካኤል የወንድይፍራውን የባዶ ወንበር ታሪክ ያውቁ ነበርና ፈገግ አሉ። አያ ሞላ ግን ከመኪናው ላይ ተቆጣ። «እኛን እንደ ገበያ ዶሮ አስሮ እሱ ሊንሸራሸር ነው? ከገዘቱ እሱም ይግባበት!»

«እኔም ልግባበት» አለ ወንድይፍራው፣ ሳያመነታ።

አባም መስቀላቸውን አንሥተው፣ «ቀይ ቀበሮ በዓይኑ ሳያይ ከዚህች መኪና የወረደ፣ ነጂውም ቢሆን፣ የተገዘተ ይሁን» አሉ። ወዲያውም ለተዝካር ወደ ኩልመስክ ሄዱ። ግዝትን የሚፈታው የገዘተው ካህን መሆኑን ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም።

መንገዱን በጀመርን በጥቂት ጊዜ ውስጥ የአያ ሞላ አማች በቅርቡ ከሞቱበት የልቅሶ ቤት ደጃፍ ደረስን። አያ ሞላ መውረድ አይችልም፤ ሳይደርስ ማለፍም ነውር ነው። ስለዚህ ከወንበሩ ላይ ቆሞ ደረቱን እየመታ ማልቀስ ጀመረ። ሐዘንተኞቹም «ምን ሆነ? እግሩን ነው?» እያሉ ወጥተው እሜቴን ከበቧት። ጥቁሩን ጃንጥላ ያዩ የጎረቤት ሰዎች ሌላ ሟች መጣ ብለው ደረሱ፤ ልቅሶውም እንደ አዲስ ተነሣ። ወንድይፍራው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ «ዝም በሉ አልላችሁም፤ ግን ቀስ ብላችሁ አልቅሱ፤ አውሬ ይበረግጋል» አለ።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ጭላዳዎች ከገደሉ አፋፍ ወጥተው ሳሩን እየነጩ ይበሉ ነበር። ሲያዩን መብላታቸውን ተዉ። ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ መቋሚያ የያዙ ሽማግሌዎች ጣራ በሌለው መኪና ቆመው አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ቀረብ ብለው በግማሽ ክብ ተቀመጡ፤ እናቶቹም ግልገሎቻቸውን ወደ እኛ አዞሩ።

«እነሱን ልናይ መጥተን እነሱ ያዩናል እንዴ?» አለ አያ ሞላ።

«ሁልጊዜም እንዲሁ ነው» አለ ወንድይፍራው። «ደስ እንዲላቸው ትንሽ ቁሙላቸው።»

ቆምንላቸው። ሲሰለቻቸው ሄዱ። እኛም ልንሄድ ስንል የእሜቴ የኋላ ጎማ በረግረጉ ውስጥ እስከ ወገቡ ሰመጠ። ወንድይፍራው ቢያስጓራት ጭቃውን ወደ አቶ በሪሁን ጋቢ ከመርጨት በቀር የሠራችው ሥራ የለም። በመጨረሻም ሞተሩ ጠፋ፤ ጠፍቶም አልነሣ አለ።

ሳር ሊያዩ የወጡ ገበሬዎች በአጠገባችን ሲያልፉ ቆሙ።

«አባቶቼ፣ ውረዱና እንግፋላችሁ።»

«መውረድ አንችልም» አልሁ።

«ምነው?»

«ግዝት አለብን።»

ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ፤ ወደ ኋላውም ሸሸ። «ታዲያ መኪናዋን ብንነካት ለእኛም ይተላለፍ ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። እርግጠኛ ስላልነበርሁ ዝም አልሁ። እሱም ዝምታዬን እንደ መልስ ቆጥሮ ቆሎ ከኮሮጆው ዘገነና በዘንግ ጫፍ ባንጠለጠለው ጨርቅ አቀበለን፤ ሄደም። አባ ዘንድ ደወልን፤ ስልካቸው ዝግ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው በቅኔ ቤትም ሆነ በመጻሕፍት ቤት ያልገጠመኝ ክርክር ነው። አያ ሞላ እግሩ ደነዘዘና በመኪናይቱ መረገጫ ላይ ልቁም አለ።

«መረገጫው ከመኪናዋ ነው ወይስ ከምድር?» አሉ አቶ በሪሁን።

«የመኪናዋ እግር ነው እንጂ! በበቅሎ ተቀምጬ እግሬ ቢንጠለጠል ወረድህ እባላለሁ?»

«ጣራውስ? ጣራ በሌለበት ቀና ብለህ ስትቆም ግማሽህ ወጥቷል እኮ።»

ነገሩን መርምሬ፣ ቅጥሩ ከቤተ ክርስቲያኑ እንደሚቆጠር ሁሉ መረገጫውም ከመኪናዋ ይቆጠራል፤ ወደ ላይ መውጣትም መውረድ አይደለም ብዬ ፈረድሁ። አያ ሞላም በመረገጫው ላይ ቆሞ በመቋሚያዬ ጭቃውን ወጋ ወጋ አደረገ፤ ወዲያው ደንግጦ ሰበሰበው። «የኔታ፣ መቋሚያው መሬት ነካ!»

«መቋሚያው አልተገዘተም» አልሁት።

ጠዋት ጠላ ጠጥቶ ስለ ነበር ደግሞ ከቀትር በኋላ በጽሑፍ የማይገለጥ ችግር ገጠመው። ጋቢ እንደ መጋረጃ ዘርግተን ፊታችንን አዞርን። «እንግዲህ?» አለ፣ ሲጨርስ በጭንቀት። «የወረደው ውሃ ነው እንጂ አንተ አይደለህም» አልሁት። ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም ፍርዴን እንደዚያ በደስታ የተቀበለኝ ሰው የለም።

ሁላችንም ከዚህች መኪና የምታወርደን አንዲት ፍጥረት ብቻ እንደ ሆነች የገባን ያን ጊዜ ነው። አያ ሞላ ወደ ወንድይፍራው ዞረ።

«ለመሆኑ አንተ ብዙ ጊዜ የምታያት በየት በኩል ነው?»

ወንድይፍራው መሪውን በጨርቅ ይወለውል ጀመር። «እኔ እንኳ… አይቻት አላውቅም።»

«ምን?»

«ሁልጊዜ ስትመጣ ወይ ጎማ ስለውጥ ነው፣ ወይ ሰዎቹን ሳይ ነው።»

«ወይ ጉዴ! ያላየኸውን ነው የምታሳየን?»

«የኔታስ ገነትን አይተው ነው የሚያስተምሩን?» አለ፤ ወዲያውም አፉን ያዘ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ቀበሮን እንደዚያ ሲናፍቅ ሰምቼ አላውቅም። ጠቦት በላችብኝ ብሎ ከሁሉ ይልቅ የሚከስሳት አያ ሞላ በወንበሩ ላይ ቆሞ፣ እጁን በዓይኑ ላይ ጋርዶ፣ እያንዳንዱን የጅብራ ዛፍ ግንድ ይመረምር ነበር። «ነይ እናቴ፣ ነይ የኔ ቆንጆ፤ ጠቦትም ቢሆን እሰጥሻለሁ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወንድይፍራው ሞተሩን ለማስነሣት ራሱን ከመሪው በታች ቀብሮ ሽቦ ያያይዝ ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከሳሩ መካከል ወጣች። ቀጭን እግር፣ ነጭ ጉሮሮ፣ የቀረውም ሁሉ ቀይ ነበረች። የፍልፈል ጉድጓድ ዳር ጆሮዋን አቁማ ቆመች። እኛም፣ ወንድይፍራው በኬንያ አየሁት እንዳለው ሁሉ፣ ዝም አልን። ዝምታው ግን ለአያ ሞላ በዛበት።

«መጣችልኝ! እናቴ መጣችልኝ!» ብሎ ጮኸ።

ወንድይፍራው ደንግጦ ቀና ሲል ራሱ ከመሪው ጋር ተጋጨ። ግንባሩን ይዞ ዓይኑን ሲገልጥ የሚወዛወዝ ሳር ብቻ ነበር።

አያ ሞላ ወዲያው ዘለለና መሬት ሳመ። እኔም ወረድሁ። አቶ በሪሁን ግን ከወንበራቸው ላይ፣ «እኔ ቀላ ያለ ነገር ነው የታየኝ፤ ይህ ማየት ይባላል?» አሉ። በነፍስ የሚያስጠይቅ ነገር ስለ ነበር ተጠንቅቄ አሰብሁ። በመጨረሻም፣ «ፊትዎ ወደ እሷ ዞሮ ነበር፤ ዓይንዎም ተከፍቶ ነበር። ፊት ከዞረ፣ ዓይንም ከተከፈተ፣ አየ ይባላል» ብዬ ፈረድሁ። እሳቸውም ወረዱ።

በመኪናይቱ ውስጥ የቀረው ወንድይፍራው ብቻ ነው። ገበሬዎቹ በሬ አምጥተው እሜቴን ከረግረጉ ሳቧት፤ ከዚያም እስከ ጉባኤው ሜዳ ድረስ እየጎተቱ አወረዷት። እሱም መሪውን ይዞ ተቀምጦ ለመታጠፊያው ሁሉ በእጁ ምልክት ይሰጥ ነበር። እራቱም ቁርሱም እዚያው መጣለት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ተሰበሰበ። አያ ሞላ ተነሣና፣ «እውነቱን ልናገር፤ ትናንት ያችን ቀበሮ ከእናቴ አብልጬ ናፍቄያለሁ። ግን በጎቼም ሳር ናፍቀዋል። ሜዳው ይከፈት» አለ። ብዙ ሰው አጉረመረመ፤ ብዙውም ራሱን በመስማማት ነቀነቀ። ነገሩ ወደ እሱ ሊያደላ ሲል ከጉባኤው ጀርባ ድምፅ መጣ።

«እኔስ?»

ሁሉም ዞረ። ወንድይፍራው ከጥቁሩ ጃንጥላ ሥር ቆሞ ነበር።

«በግ ከገባ ቀበሮዋ ትሄዳለች። እሷ ከሄደች እኔ በምን ልወርድ ነው?»

ሳቅ ሆነ፤ ሳቁ ግን ቀስ በቀስ ሞተ። ያን ጊዜ ከኩልመስክ የተመለሱትን አባ ተክለ ሚካኤልን ወደ መካከል አቀረቧቸው። አባ ሜዳው ወዳለበት ወደ ምሥራቅ ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ግዝቱን እፈታለሁ» አሉ። «ነገር ግን ሳይፈጸም የሚፈታ ግዝት ያለ ቀኖና አይፈታም። ቀኖናውንም በእሱ ላይ ሳይሆን በእናንተ ላይ አደርገዋለሁ፤ ሰው በመኪና ታስሮ ሲያድር ስቃችኋልና። ወንድይፍራው ቀበሮዋን በዓይኑ እስኪያያት ድረስ በዚያ ሜዳ በግ አይሰማራ፤ እሷንም የሚነካት አይኑር።»

«በዚህ ካለቀማ ቀላል ነው!» አለ አያ ሞላ። «ይህን ሳምንት አላልፈውም፤ እኔው ራሴ አሳየዋለሁ።»

ወንድይፍራውም ወረደ። መሬት ሲረግጥ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ድረስ ዝቅ አድርጎ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። ያን ጊዜ ምክንያቱ ፀሐይ ትመስለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት አያ ሞላ ወንድይፍራውን ቀበሮ ለማሳየት ያልሠራው ሥራ የለም። ገና ሳይነጋ ይወጣል፤ ዋሻዋን ያጠናል፤ እንዳትበረግግበት የመንደሩን ውሾች ያስራል፤ ግልገል ስትወልድም ማንም እንዳይቀርብ ዘብ ይቆማል። ከዚያም ስልኩን አንሥቶ፣ «ወንድይፍራው ቶሎ ና፤ ቀበሮዋ ፀሐይ እየሞቀች ነው!» ይላል። ወንድይፍራውም ሰዎች ጭኖ ይደርሳል። ሰዎቹ ሁሉ ያያሉ፤ እሱ ግን አያይም። አንድ ጊዜ ጫማውን ያስር ነበር። አንድ ጊዜ አስነጠሰው። አንድ ጊዜ ደግሞ ሙሽሮች ጭኖ ሳለ ቀበሮዋ ከፊት ለፊቱ ስትሻገር የሙሽራይቱ ቬሎ በነፋስ ተነሥቶ ፊቱን ሸፈነው፤ እሱም አላነሣውም።

«የታባቱ! ዓይኑን በእጄ ልግለጥለት?» ይል ነበር አያ ሞላ፣ እየመጣ ሲያማርርልኝ። ያማረረው ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። በኋላ በኋላ ሲመጣ የሚነግረኝ ስለ ቀበሮዋ ግልገሎች ሆነ።

ወንድይፍራው በበኩሉ የጎበኙትን ሁሉ ሲመልስ «ምን ትመስላለች?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ፎቶግራፍ ሲያሳዩት ፊቱን ያዞራል፤ ቃል ብቻ ነበር የሚፈልገው። አንዱ እንደ በርበሬ ናት ይለዋል፤ ሌላው እንደ ሸክላ። እኔንም ጠይቆኛል። «የድጓውን መጽሐፍ ስንጽፍ ርእሱን የምናቀልምበት ቀይ ቀለም አለ፤ እሱን ትመስላለች» አልሁት። «እንግዲያው ርእስ ናት» አለ።

ባለፈው ወር ሕመሙ ከጠናበት በኋላ መጥቶ «የኔታ፣ እንውጣ» አለኝ። ፊቱ ከስቶ ነበር፤ ልከለክለው አልቻልሁም። እሜቴ እያቃሰተች አወጣችን። ሜዳው ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ተቀመጥን። ጓሳው ከወገብ በላይ አድጎ ነበር። ብዙ ሳንቆይ መጣች። ሳታመነታ ቀረበች፤ ከፊተኛው ጎማ አጠገብ ደርሳ እንደ ቤት እንስሳ ቁጢጥ አለች። እኔም ዝም አልሁ። ወንድይፍራው ዝምታዬን ሰምቶ ባርኔጣውን ወደ ታች ሳበ፤ ከባርኔጣውም በታች ዓይኑን ጨፈነ።

«አለች?» አለ በሹክሹክታ።

«አለች።»

«ቀርባለች?»

«እጅህን ብትዘረጋ ትነካታለህ።»

«አባ ‹የሚነካት አይኑር› ብለዋል» አለ፤ እጁንም በጉልበቱ ላይ አጣመረ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ «ወዴት ነው የምታየው?» አለኝ።

«ወደ አንተ። አንተን ነው የምታይ።»

ፈገግ አለ። «ይበቃል። ከሁለታችን አንዳችን ካየን ይበቃል።»

እስክትሄድ ድረስ ዓይኑን አልገለጠም።

የቀብሩ ቀን ብዙ ሰው ወጣ። ከጸሎቱ በኋላ ሕዝቡ በቅጥሩ ውስጥ ቆሞ ሳለ አያ ሞላ ወደ ፊት መጣ። በትሩን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ከኋላው ወጣት ባለ በጎች ተሰልፈዋል።

«የኔታ፣ አሁን ይመስክሩ። አይቷታል ወይስ አላያትም?»

ሁሉን እንደ ሆነው ተናገርሁ፤ መቅረቧን፣ መቀመጧን፣ የተነጋገርነውን ሁሉ። ከዚያም በአቶ በሪሁን ጊዜ የፈረድሁትን አነሣሁ። «ፊቱ ወደ እሷ ዞሮ ነበር። ዓይኑ ግን ተጨፍኖ ነበር። እንግዲህ አላያትም» አልሁ።

አያ ሞላ በትሩ ላይ ተደገፈ። «ተመስገን» አለ፣ ቀስ ብሎ። በስልክ «እኔ እኮ…» ብሎ የተወውን ነገር ያን ጊዜ ሰማሁት።

ከኋላው አንዱ ወጣት ተቃወመ። «አያ ሞላ፣ ሰውየው እኮ ሞተ! ከእንግዲህ በምን ያያታል? ቀኖናው አብሮት ተቀብሯል።»

አያ ሞላ ዞረበት። «አባ ‹እስኪያያት› አሉ እንጂ ‹እስኪሞት› አሉ? ትንሣኤ ሙታን የለም ነው የምትለኝ? በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ቆመህ? ነገ ወንድይፍራው ተነሥቶ ‹አያ ሞላ፣ የታለች?› ቢለኝ ምን ልመልስለት ነው? በጎች በሏት ልበለው?»

ወጣቱ ወደ አባ ተክለ ሚካኤል ተመለከተ። አባ በእርጅና የደከመ ራሳቸውን ለአያ ሞላ ነገር በመስማማት ነቀነቁ።

ሕዝቡ ሲበተን ብቻዬን በመቃብሩ አጠገብ ቆየሁ። ሥርዓታችን እንደሚያዝዘው ፊቱ ወደ ምሥራቅ ተደርጎ ተቀብሯል፤ ሜዳውም በምሥራቅ ነው። ፊቱ ዞሯል። ዓይኑ ግን ተከድኗል።